ሐወሊ፣ ከመዘጋቱ በፊት

ማስታወቂያው መጣ፣ እንደ መብራት ክፍያ፦
«ውድ ተጫዋቻችን፣ በወሩ ማብቂያ
ደሴቲቱ ትዘጋለች። ስለቆያችሁ እናመሰግናለን።»
ሳህን እያጠብኩ ነው ያነበብኩት፤
እጄን አደረቅሁና ደግሜ አየሁት።

ሰው ጨዋታ ይለዋል። ይበል፣ ምን ከፋኝ፤
እኔን ሰባት ዓመት በር ሆኖ አሳለፈኝ።
ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ቁልፉ ከማዳም ቦርሳ፣
ልጁ ተኝቶ፣ ቤቱ ድምፁን ሲረሳ፣
ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ ብርሃኑን ቀንሼ፣
እወርድ ነበር ወደ ባሕሩ፣ ቢጫ ካፖርት ለብሼ።
እዚያ ይዘንባል። በአንድ ጆሮዬ ዝናቡን እሰማለሁ፣
ሌላውን ለማዳም፣ ምናልባት ብትጣራ፣ ባዶውን እተዋለሁ።

አሥራ አንድ ነበርን፤ ከጅዳ፣ ከሻርጃ፣ ከማናማ፣
ፊት ለፊት ያልተያየን፣ በየቤቱ ጨለማ።
ከዘሩ ዝርዝር ውስጥ ጤፍ የሚባል የለም፤
ገብሱን «ጤፍ ነህ» አልነው፤ ገብስ አፍ የለው፣ አልተቃወመም።

ዓለሚቱን እዚያ ነው ያገኘኋት፤
በፓስፖርቷ ዘይነብ፣ ዓለሚቱ እናቷ ያለቻት፣
ደሴቲቱ ላይ ደግሞ «ቆቅ» ነበር ስሟ።
«ከሦስቱ የትኛዋ ነሽ?» ብላት፣
«እንደ ድካሜ ነው» አለች፣ «እንደ ቀኑ ሕመሙ።»
ቤቷን ከገደሉ ጫፍ ሠራች፣
ከደጇ ፋኖስ ሰቀለች፣
«ማታ የሚመጣ ሰው መንገድ እንዳይስት።»

አንድ ሚያዝያ ጠፋች። ስልኳ ዝግ።
ማንን ይጠይቋል? የትኛውን ስም ይዞ?
ፋኖሱ በርቶ ቀረ፤ ጨዋታው አያውቅም
ባለቤቲቱ እንደሌለች።
አሥር ሆነን ተራ ገባን፣ ዱባዋን ውሃ አጠጣን፣
ሦስት ዓመት።

አርብ ዕለት ሐወሊ ወረድኩ፣ ወደ ቢኑ ሱቅ፣
ሽቦ እንደ አንጀት የተዘረገፈበት፣ አቧራው የማያልቅ።
የኬረላ ሰው ነው፣ አሮጌ ጨዋታ ያድናል፤
ካሴቱን በአልኮል ጠርጎ በነጭ ጨርቅ ይከፍናል።
«ለማን ነው?» ብለው፦ «አንድ ቀን አንዱ ይጠይቃል፣
እነዚህ ሰዎች ሌሊቱን የት አሳለፉት ብሎ።»

«ደሴቲቱን አድንልኝ» አልኩት፣ በሰባራ ዐረብኛ።
በካቻቢቴው ጫፍ ጆሮ ግንዱን አከከ፦
«መሬቷን እቀዳለሁ፤ ዝናቡን፣ ባሕሩን፣ ዛፉን።
ሰዉን ግን አልችልም። ሰዉ ያለው እነሱ ማሽን ላይ ነው፤
የምሰጥሽ ባዶ ሰፈር ነው።»
«ባዶ ቤት ማጽዳትማ» አልኩት፣ «እንጀራዬ ነው።»

በመጨረሻው ሌሊት አሥራችንም መጣን።
የሻርጃዋ መታጠቢያ ቤት ተቆልፋ፣
የጅዳዋ የአሠሪዋን ሕፃን ታቅፋ።
ማንም ቁም ነገር አልተናገረም፤
«ዓሣው ዛሬ ረክሷል» አለች አንዷ።
እኔ በልጁ የሒሳብ ደብተር፣ በካሬዎቹ ላይ
ካርታ ሳልኩ፤ የቢኑ ዲስክ የማይዘውን፦
ይህ የአስካለች ጓሮ፣
ይህ ዘርፌ እናቷ የሞተች ማታ የተቀመጠችበት ድንጋይ፣
ይህ ሁላችን የተኳረፍንበት ድልድይ።
ገብሱን «ጤፍ» ብዬ ጻፍኩት፤
የሚያገኘው ሰው ይደናገር።

ስድስት ሰዓት።
ዝናቡ አየር ላይ ቆመ፣ ጠብታው በየቦታው።
ከዚያ ጥቁር መስታወት፣ ከዚያ የኔው ፊት።

ከሁለት አርብ በኋላ ቢኑ ከፈተልኝ።
ሁሉም አለ። ማንም የለም።
ዝናቡ ለማንም ይዘንባል።
ገደሉ ጫፍ ቤቷ ቆሟል፣ ጨለማ ውጦት።
«ፋኖሱስ?»
«ከስሟ ጋር የታሰረ ነው፤ ስሟን ካልጻፍሽ አይበራም።»
«የትኛውን ስሟን?»
መልስ አልነበረውም። ቁልፎቹን ወደ እኔ ገፋ።

ሁለት ፊደል ከስልኬ ቀድቼ ሰጠሁት።
የሱ ማሽን ፊደላችንን አያውቅም፤
ሁለት ባዶ ሳጥን አወጣ፣ ጎን ለጎን።
ፋኖሱ በራ።

ቢኑ ሳጥኖቹን ሊያርም እጁን ሰደደ።
«ተው» አልኩት፣ «ይነበባል።»